አርኒካ ጄል፣ አርኒካ ዘይት ወይስ ዳይክሎፌናክ? ለሚያመኝ ጉልበት የቱን ልግዛ?

መጀመሪያ የራሴን ሞኝነት ልናገር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ፣ ቢጫ አበባ የተሳለበትና በትልቁ «አርኒካ» የተጻፈበት ጄል ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቀባ ከረምኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ኋላ የካርቶኑን ጀርባ ሳነብ «6ኤክስ» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ አየሁ። ጉዱ እሷ ጋ ነበር።

«ኤክስ» አንድ ለአሥር ማቅጠን ነው። 6ኤክስ ማለት ስድስት ጊዜ በአሥር በአሥር ቀጥኗል፤ የቀረው ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው። «ሲ» ደግሞ በመቶ ነው የሚያቀጥነው። 30ሲ ላይ የአበባው አንዲት ሞለኪውል ብትገኝ እንኳ ተአምር ነው። ሆሚዮፓቲ የሚባለው አሠራር ይኸው ነው። 1ኤክስ ከሆነ ግን ይለያል፤ አንድ ለአሥር ብቻ ስለሆነ አበባው በትክክል አለበት። እኔ ስሙን ገዝቼ ነበር የመጣሁት።

ቲንክቸር ያለበት ጄል ወይስ ኢቡፕሮፌን ጄል?

አርኒካ በአውሮፓ ተራራማ ሜዳዎች ላይ የሚበቅል ቢጫ አበባ ነው። የሱፍና የካሞሚል ዘመድ ነው። ሥራውን የሚሠራው በዋናነት ሄሌናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በሴሎች ውስጥ ብግነትን የሚቀሰቅሰውን መልእክት ያግዳል። አበባው በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ፈሳሽ ቲንክቸር ይባላል። መፈለግ ያለብን ይህን ቃል ነው።

ምክንያቱም በደንብ የተፈተነው እሱ ነው። በ2007 በታተመ ጥናት የእጅ ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው 204 ሰዎች ተሳትፈዋል። ኦስቲዮአርትራይተስ ልም አጥንት ሲሳሳ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ማለት ነው። ግማሾቹ አርኒካ ጄል፣ ግማሾቹ ኢቡፕሮፌን የተባለው ሕመም ማስታገሻ 5 በመቶ ያለበት ጄል ለ21 ቀን ተቀቡ። ማን የትኛውን እንደሚቀባ አያውቁም። በመጨረሻ በሕመሙም ሆነ በእጃቸው አሠራር የጎላ ልዩነት አልታየም።

ደስ ይላል፤ ግን አንድ ክፍተት አለው። ምንም መድኃኒት የሌለበት ጄል የተቀባ ሦስተኛ ቡድን አልነበረም። ሁለቱም እኩል አድነው ይሁን ወይስ ሕመሙ በጊዜው ራሱ ቀለል ብሎ፣ ከዚህ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም። ሌላው የሚረሳ ነገር መጠኑ ነው። የተፈተነው ጄል በ100 ግራም ውስጥ 50 ግራም ቲንክቸር ነበረው። በእጃችሁ ያለው 2 ወይም 3 ግራም ብቻ ካለው፣ ያንን ጥናት ለእሱ ምስክር አታድርጉት።

ለጉልበትም በ2002 የወጣ የ79 ሰዎች ጥናት አለ፤ መሻሻል አሳይቷል። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ለጣት ሕመም ያለኝን እምነት ያህል ለጉልበት የለኝም።

ለጡንቻ ግን ቆም በሉ

ስፖርት ሠርታችሁ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅታችሁ አርኒካ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። በ2010 የታተመ ጥናት ላይ 53 ሰዎች ባታቸውን የሚያደክም እንቅስቃሴ ሠሩ። አንዱን እግር አርኒካ፣ ሌላውን ባዶ ክሬም ተቀቡ። ከ24 ሰዓት በኋላ የበለጠ ያመማቸው አርኒካ የተቀባው እግር ነበር! ጂም ለሚሄዱ ጓደኞቼ ይህን ስነግር ማንም አያምነኝም።

ለብልዘት፣ ለወለምታና አንድ ቦታ ላይ ለሚያም ጡንቻ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ አርኒካን ተቀብሎታል። ግን የተቀበለው በረጅም ዘመን ልማድ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በሙከራ ስለተረጋገጠ አይደለም። በ3 ወይም 4 ቀን ካልተሻለ ሐኪም ጋ ሂዱ ነው የሚለው።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

በማስረጃ ብዛት ዳይክሎፌናክ ጄል ይበልጣል፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ሕመምና ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንድ ብቻ ግዛ ካለኝ፣ እሱን ነው የምለው። 1 በመቶው ጄል ለጉልበት በአንድ ጊዜ 4 ግራም፣ በቀን አራቴ ነው የሚቀባው። ውጤቱም እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ቀን ቀብቶ «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ጥቂቱ ወደ ደም ስለሚገባ ግን የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። አርኒካ እዚህ ጋ ቦታ ያገኛል፤ ዳይክሎፌናክ ለማይስማማው ሰው ለእጁ መሞከሩ አይከፋም። ለነፍሰ ጡር ግን እሱም ያለ ሐኪም ምክር አይሆንም።

ካፕሳይሲን፣ ማለትም በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። በየቀኑ ደጋግሞ፣ ለሳምንታት መቀባት አለበት። መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል። እኔ በተቀባሁ እጄ ዓይኔን ካሸሁ በኋላ ተለያየን። ሜንቶል ደግሞ ያቀዘቅዛል፣ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ጄል፣ ክሬም ወይስ ዘይት?

ጄሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ልብስ አያበላሽም፤ አልኮሉ ግን ቆዳ ያደርቃል። ክሬም ለደረቅ ቆዳ ይሻላል። ዘይቱ ለማሸት ምቹ ነው፤ ያኔ ግን የሚረዳችሁ አበባው ይሁን መታሸቱ ማን ያውቃል። ደግሞ «የሜክሲኮ አርኒካ» የሚል ካያችሁ ሌላ ተክል ነው። ትክክለኛው «አርኒካ ሞንታና» ተብሎ ይጻፋል።

የትኛውንም ብትገዙ በተላጠ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አትቀቡት። አይዋጥም፣ አይጠጣም፤ ሄሌናሊን መርዝ ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይመከርም። ካሞሚል ወይም ካሌንዱላ ሽፍታ የሚያወጣባችሁ ከሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አርኒካንም ተዉት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ክንዳችሁ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ጠብ አድርጉና ሁለት ቀን ጠብቁ። አለርጂው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ማታ ተቀብቶ ጠዋት «ደህና ነኝ» ማለት አያስተማምንም።