ስምንት ወር በብራሽለስ ድሪል

የእንጨት ሥራዬ ባህር ዳር ነው። ባለ 18 ቮልት ብራሽለስ፣ ማለትም ሞተሩ የሚፋተግ ካርቦን የሌለው፣ የባትሪ ድሪል ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ።

የገዛሁት የድሮው ባለ ገመድ ድሪሌ ስለተቃጠለብኝ ነው። የዋንዛ በር ላይ ለቁልፍ ሰፊ ቀዳዳ ስከፍት ፑንታው (መብሻ ብረቱ) ተቀረቀረ። እልህ ይዞኝ ማብሪያውን ሳልለቅ ገፋሁት። ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ስፈታው ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አጥረዋል። የሚፋተጉበት የመዳብ ቀለበትም ጠቁሮ ተቦርቡሯል።

ሞተር ሲዞር ከሚገባው ኤሌክትሪክ ጋር የሚገፋፋ ቮልቴጅ ራሱ ያመነጫል። ማብሪያው ሳይለቀቅ ተቀርቅሮ ሲቆም ያ ግፊያ ይጠፋል። ከረንቱ በአንዴ ይንራል፣ ሽቦው ይግላል። ማቀዝቀዣው ፋን የተገጠመው እዚያው ዘንግ ላይ ስለሆነ እሱም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፑንታ ሲቀረቀር ማብሪያውን ቶሎ ልቀቁ።

አዲሱ ድሪል ካርቦን የለውም። ማግኔቱ መሀል ላይ ይዞራል፣ የመዳብ ሽቦው ዙሪያውን ቆሟል። ለየትኛው ጥቅል መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰርኪዩት ነው። ብልጭታ የለም፣ የካርቦን ብናኝ የለም። የኔው ሁለቴ ተቀርቅሮ ሁለቴም ራሱን አጥፍቷል። ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ።

መብራት በሚጠፋበት ቀንም ሥራ አይቆምም። አንዴ ሁለት ባትሪ ይዤ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። አራት መስኮት ገጥሜ ስመለስ ሁለተኛው ባትሪ ገና አላለቀም ነበር።

ሱቅ ውስጥ «20 ቮልት ማክስ» የሚል ስታዩ ይበልጣል ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ሁለቱም ውስጥ በተርታ የተያያዙ አምስት ሊቲየም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ነው፣ ሲባዛ 18። 20 የሚሉት ሞልቶ ከቻርጀር ሲወጣ ያለውን ነው።

የማልወድለት ነገርም አለ። ፑንታውን የሚይዘው አፍ ትንሽ መወላወል ጀምሯል። ሰርኪዩቱ ቢበላሽ ደግሞ እንደ ካርቦን በትንሽ ብር ገዝቼ የምቀይረው ነገር አይደለም። ኮንክሪት ላይም አቅም ያንሰዋል።

ለዚህ ስል የድሮውን ሽቦ እንደገና አስጠምጥሜ አዲስ ካርቦን አስገባሁለት። ግድግዳ ሲሆን አሁንም የማነሳው እሱን ነው።