ሲጋል ወይስ አይዲ 4? ከመኪናው በፊት የቤትዎን መስመር ይዩ

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያማርጥ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። ሻጩ ትልቁን ባትሪ ለያዘው ቢዋይዲ ሲጋል 405 ይላል። ቁጥሩ ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ ስለሆነ ሩቡን ቀንሰው ይያዙት። 300 ኪሎ ሜትር ለከተማ ይተርፋል፤ ለሐዋሳ ጉዞ ግን መንገድ ላይ ቻርጅ ካላገኙ ልብ ያንጠለጥላል።

ትልቁ ሲጋል 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው፤ ቻይና ሠራሹ ቮልስዋገን አይዲ 4 ደግሞ በትልቁ ዓይነት 84 ያህል። ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ አሥር በመቶ ገደማው ይባክናል። ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ሲጋል 12 ሰዓት፣ አይዲ 4 ግን 25 ሰዓት ይፈልጋል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ለሁለቱም በየማታው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት መሰካት ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ወይም ከሩቅ መንገድ ባዶ ባትሪ ይዘው ሲገቡ ነው።

7 ኪሎዋት ቻርጀር ሲጋልን በ4፣ አይዲ 4ን በ8 ሰዓት ያደርሳል፤ ግን 32 አምፒር ይስባል። ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 40 አምፒር ብሬከር፣ የኤሌክትሪክ መፍሰስን የሚቆርጥ መከላከያና ትክክለኛ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቻርጅ ካደረጉ የቤቱ ዋና ብሬከር ሊወድቅ ይችላል። ቆጣሪ ከተከራይ ጋር የሚጋሩ ከሆነማ የእሱም ፍጆታ ስለሚጨመር ነገሩ ይብሳል።

በተራ ሶኬት ሲሰኩ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው መኪናው ሳይሆን የላላው ሶኬት ወይም ተጠቅልሎ የተቀመጠው ማራዘሚያ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን ይንኩት፤ ከጋለ አምፒሩን ወደ 8 ዝቅ ያድርጉ፣ ሶኬቱንም ያስቀይሩ።

የሲጋል ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ቢሞላ ይመረጣል። የአይዲ 4 ግን ሌላ ዓይነት ነውና በአዘቦት ቀን 80 ላይ ያቁሙት። ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሁለቱንም ሞልተው አይነሱ፤ ሙሉ ባትሪ ከፍሬን የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም።

ከተማ ለሚውልና አራት ወንበር ለሚበቃው ሲጋል ይሻላል። ክፍለ ሀገር የሚመላለስ፣ የራሱ መስመር ያለው፣ አይዲ 4 ይግዛ። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የመሰኪያውን ቀዳዳ ይክፈቱ፦ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና የመሰኪያ ደረጃ ለቀርፋፋና ለፈጣን ሁለት የተለያዩ መሰኪያዎች አሉት፤ ከአውሮፓ የመጣ መኪና ግን መሰኪያው ሲሲኤስ 2 የሚባለው ነው፤ የሚጠቀሙበት ጣቢያ ሽጉጥ (መኪናው ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ) ከመኪናዎ መሰኪያ ጋር መግጠም አለበት።