የጀማሪ ቢራ መጥመቂያ ዕቃ፦ ባልዲው ጥሩ፣ ወረቀቱ ከንቱ

እቅጩን ልናገር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነ ይህን ዕቃ አትግዙ። ቢራ ካማራችሁ ገዝቶ መጠጣት ይቀላል። ዕቃው የሚሆነው መጥመቁ ራሱ ደስ ለሚለው ሰው ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ከነቧንቧው አለ። ክዳኑ ላይ የምትሰካ፣ ውሃ የሚጨመርባት የአየር ማስወጫ፣ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ ተንሳፋፊ መለኪያ)፣ ቀጭን ቱቦ፣ የቆርኪ መምቻ፣ አንድ ጣሳ የብቅል ሽሮፕና አንዲት ከረጢት እርሾም አሉ። ወደ 20 ሊትር ቢራ ይወጣዋል።

ከሁሉ የወደድኳት ያቺን የአየር ማስወጫ ነው። ሽሮፑን በሙቅ ውሃ ትበጠብጣላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትሞሉበታላችሁ፣ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ እርሾውን ትበትናላችሁ። ከዚያ ጭጭ። በማግስቱ ግን ቡልቅ... ቡልቅ ማለት ትጀምራለች። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያወጣ ነው ማለት ነው። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ እሷን ስሰማ ቆሜ የምቀርበት ጊዜ አለ። ቤተሰቤ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ሃይድሮሜትሩም አሪፍ ነው። መጀመሪያ 1.045 ያነበበው መጨረሻ ላይ 1.010 ከሆነ፣ ልዩነቱን በ131 ስታባዙት 4.6 በመቶ ገደማ አልኮል ይመጣል። ሁሌ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ የማየውን ቁጥር በራሴ አስልቼ ሳገኘው ልቤ ሞቅ ይላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መመሪያው በስምንተኛው ቀን ጠርሙስ ውስጥ ቅዱት ይላል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ እኮ እርሾው ይዘገያል! ፍላቱ ሳያልቅ ቆርኪ ከተመታበት ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ቀን አትቁጠሩ። ሃይድሮሜትሩ በሁለት ቀን ልዩነት አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪያሳይ ጠብቁ።

ደግሞ አንድ ኪሎ ነጭ ስኳር ጨምሩ ይላል። አልኮሉ ይጨምራል፣ ቢራው ግን ውሃ ውሃ ይላል። በስኳሩ ፋንታ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን የብቅል ጭማቂ አድርጉበት፤ ልዩነቱ አፍ ላይ ይታወቃል።

ስለ ንጽሕና ወረቀቱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ገና በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢራን የሚያበላሹት ባዕድ ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ብጥብጡ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነካው ነገር ሁሉ በማጽጃ ይለቅለቅ። በተለይ ቧንቧውን ፈታችሁ እጠቡት።

ሰው ለምን ይህን ሁሉ ይለፋል? እኔን የያዘኝ ሆፕሱ ነው፤ ቢራው ላይ ምሬትና መዓዛ የሚጨምረው አበባ። የጣሳው ሽሮፕ ሆፕስ ቀድሞ የገባበት ነው፤ ስለዚህ ጣዕሙን ሌላ ሰው ወስኖላችኋል። ባዶውን የብቅል ጭማቂ ገዝታችሁ ሆፕሱን ራሳችሁ ስትጨምሩ ነው ነገሩ የሚጥመው። አንድ ሰዓት ከፈላ ምሬቱ ይወጣል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። እሳቱ ሊጠፋ 5 ደቂቃ ሲቀረው ከገባ መዓዛው ይተርፋል። እኔ መዓዛ እወዳለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ምሬት። በየጠመቃው እንከራከራለን። እሱ «ይሄ እኮ ሽቶ ነው» ይላል። እኔ የእሱን መድኃኒት እለዋለሁ። የተገዛ ቢራ ላይ እንዲህ ተከራክረን አናውቅም።

ዕቃውን ግዙት እላለሁ፤ ወረቀቱን ብቻ አትመኑ። ጠርሙስ አብሮ አይመጣም። ቡናማውን ሰብስቡ፤ ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርሃን ሆፕሱን ካገኘው ደግሞ ቢራው መጥፎ ይሸታል። ጋዝ እንዲይዝ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ገደማ ስኳር ጨምሩ፣ ቆርኪውን ምቱ፣ ሁለት ሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩት፣ ከዚያ ፍሪጅ። ስትቀዱ አተላው ታች ይቅር። ወንድሜ ግን እሱንም ይጠጣዋል።