60፣ 120 ወይስ 250 ሊትር? ጅማ ላይ የኮራል አኳሪየም ለምትገዙ

ቤታችሁ የባህር ውሃ አኳሪየም ከነኮራሉ (ኮራል ባለበት ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ ነው) ማስገባት ካማራችሁ ሳይዙን በአሳው ብዛት ሳይሆን በሰፈራችሁ መብራትና ውሃ ምረጡ ነው የምለው፣ ጅማ ላይ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።

60 ሊትር (60 በ30 በ35 ሳንቲም) ዋጋው ያጓጓል፣ 6 ሚሊ መስታወት ይበቃዋል፣ መጀመሪያ ሲሞላ ሁለት ኪሎ ምናምን ጨው ነው የሚበላው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይም ይቀመጣል። ግን ትንሽ ነገር ያናጋዋል። ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም አካባቢ መቆየት አለበት፣ ውሃው ሲተን ደግሞ ጨው አብሮ አይተንም፣ እና ሁለት ሊትር ከጎደለ 36ን ያልፋል፣ 250ው ላይ ያቺው ሁለት ሊትር ብትጎድል ግን 35.3 ቢደርስ ነው። ሙቀቱም እንደዛው፣ ኮራል ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የጅማ ሌሊት ህዳርና ታህሳስ ላይ ይበርዳል፣ መብራት ጠፍቶ ካደረ ሂተሩም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፣ ትንሽ ውሃ ደግሞ ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው።

250 ሊትሩ በዚህ በኩል እፎይ ያስብላል። ሸክሙ ግን ሌላ ነው፣ ውሃው ብቻ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ውስጡ የሚደረደረው ድንጋይና መስታወቱ ሲጨመር 300ን ያልፋል፣ የእንጨት ወለል ያለው የድሮ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ አታስቡት። ደግሞ በየሳምንቱ አስር ፐርሰንት ልቀይር ካላችሁ 25 ሊትር ውሃና ወደ 900 ግራም ጨው ነው፣ ያ ውሃ በአርኦ ፊልተር (ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ ከሟሟበት ነገር የሚያጠራ መሳሪያ) የተጣራ መሆን አለበት፣ ፊልተሩ ደግሞ አንድ ሊትር ለማውጣት ብዙ ሊትር ይደፋል፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ እዚህ ላይ በደንብ አስቡበት። ዝናቡ ሞልቶ የለም እንዴ የምትሉ ካላችሁ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን እባካችሁ እንዳታስገቡ፣ ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል።

የኔ ምርጫ 120ው ነው (80 በ35 በ45፣ 8 ሚሊ መስታወት)። ሳምንታዊ ቅያሪው 12 ሊትር ነው፣ አንድ ጀሪካን ይበቃዋል፣ ከአሳ ሁለት ክላውንፊሽና ትንሽ ጎቢ፣ ከኮራል ደግሞ ዞአንቲድና ማሽሩም የሚባሉት ተመችቷቸው ይኖሩበታል፣ አክሮፖራ የመሰለ እንደ ድንጋይ የጠጠረ አጽም ያለው ኮራል ግን መዋዠቅ ስለማይወድ ልምድ እስክታገኙ ይቆይ።

የትኛውንም ብትወስዱ አሳ አታብዙ። ጅማ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ከሚይዘው ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል፣ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ደግሞ ድሮውንም ትንሽ ነው የሚይዘው፣ መብራት ጠፍቶ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሲቆም ኮራሉም አሳውም መታፈን ይጀምራሉ። ስለዚህ በባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ ከአኳሪየሙ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ለነገ አትበሉት፣ 60 ሊትር የያዘ ሰው እንዲያውም ሁለት ይኑረው።

አኳሪየሙን መስታወት ቤት አሰርታችሁ ከሆነ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት ሲሊኮን ብላችሁ ለዩላቸው፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲሊኮን መርዝ አለው። ብሉ ታንግ ለምትፈልጉ ደግሞ ከሶስቱ አንዱም አይሆናችሁም፣ እስከ 30 ሳንቲም የሚያድግና ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ አሳ ስለሆነ ከ400 ሊትር ወዲያ ነው ማሰብ።