ፓርላማ የሚታይበት የሐዋሳ ካፌ
ፒያሳ አካባቢ ያለው ይህ ካፌ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በቀጥታ በሚተላለፍበት ጠዋት ሙዚቃውን አጥፍቶ ቴሌቪዥኑን ለፓርላማው ስለሚለቅ፣ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሚኒስትሮችን ስለ እስረኞች አያያዝና ስለ ተፈናቃዮች ኑሮ ሲጠይቅ ማኪያቶ ይዞ ለመከታተል ይመቻል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ያገኙት አንድ ብቻ እንደነበር ለሚያስታውስ ደንበኛ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የሰጠው ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሲሠራበት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ የቡና መፍጫው ከቴሌቪዥኑ ሥር መቀመጡ ነው፤ ሚኒስትሩ መልስ ሊሰጡ ማይክሮፎናቸውን ሲያበሩ መፍጫው ይጮኻል፣ መልሱም አብሮ ይፈጫል (አንዳንዱ መልስ ባይሰማም የሚቀርበት ነገር ባይኖርም)። ማኪያቶው ግን ወተቱ ያልተቃጠለ፣ አረፋውም እስከ መጨረሻው የሚቆይ ነው።