ሴንሰር፣ ፎቶሴል፣ የዋይፋይ ስዊች ወይስ ዳሊ? ለደብረ ብርሃን የንግድ ሕንፃ የመብራት መቆጣጠሪያ ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ላይ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ የሚያሠራ ሰው ስለ ስማርት መብራት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስልክ ይጠፋል ወይ?» ብሎ ነው። ይጠፋል። ግን ግራውንዱ ሱቅ፣ አንደኛ ፎቁ ባንክ፣ ከላይ ቢሮና ፔንሲዮን የሆነን ሕንፃ ማን በማን ስልክ ያጠፋዋል? የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቦታውን ማን ይጠቀምበታል? መብራት ሄዶ ሲመጣስ ዕቃው ምን ያደርጋል?

አሮጌ ፍሎረሰንት ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ባለ 36 ዋቱ ከነባላስቱ ከ40 ዋት በላይ ይበላል፤ የሚተካው ኤልኢዲ 18 ዋት ገደማ ነው።

ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለሽንት ቤት፦ ፒአይአር ወይስ ማይክሮዌቭ

ሁለቱም ሰው ሲንቀሳቀስ መብራት የሚያበሩ ሴንሰሮች ናቸው። ፒአይአር የሚያየው የሰውን ሙቀት እንቅስቃሴ ነው፤ መስታወትና ግድግዳ ያግደዋል። ማይክሮዌቩ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚያነብ ስስ ጅፕሰም፣ የእንጨት በርና መስታወት አልፎ ያያል። ፊቱ መስታወት በሆነ ኮሪደር ከተገጠመ በአስፋልቱ ለሚያልፈው ሁሉ ሲበራ ያድራል። በተቃራኒው ክፍልፋይ ላለው ሽንት ቤት የሚሻለው እሱ ነው፤ ፒአይአር በር ዘግቶ የተቀመጠውን ሰው ስለማያይ ጨለማ ውስጥ ይተወዋል።

የአየሩም ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ የአካባቢው ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋ ፒአይአር የሚያይበት ርቀት ያጥራል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ለፒአይአር ይመቸዋል። ይሁንና ማለዳ በጋቢ እስከ አፍንጫው የተሸፈነ ዘበኛ ለሴንሰሩ የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ሴንሰሩ ፊት ለፊት በሚመጣበት ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ በሚያልፍበት ጎን ይገጠም፤ ፒአይአር አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል።

የሴንሰሩ ካርቶን ላይ «1200 ዋት» የሚለው ብዙ ጊዜ ለድሮው አምፖል የተሰጠ ልክ ነው። ለኤልኢዲ የሚችለው በጣም ያነሰ ነው፤ ኤልኢዲ ሲበራ ለቅጽበት የሚስበው ከፍተኛ ኃይል የውስጡን ሪሌ (መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ክፍል) ያጣብቀዋል። ጭነቱ ከበዛ ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) ይጨመር።

ትርፉን እንዲህ አስሉት። ባለ 18 ዋት 20 መብራት ያለው ኮሪደር 12 ሰዓት ቢበራ በቀን 4.32 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሴንሰር ገብቶ በድምሩ 3 ሰዓት ብቻ ቢበራ 1.08 ይሆናል። ልዩነቱ በወር 97 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በራሳችሁ ቢል ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት። ከሁሉም ምርጫዎች ገንዘቡን ቶሎ የሚመልሰው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ለውጭ መብራት፦ ፎቶሴል ወይስ ታይመር

የፀሐይን መግቢያና መውጫ እያሰላ የሚሠራው ውድ ታይመር ለእኛ ብዙም አይጠቅምም፤ እዚህ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ገደማ በላይ አይለዋወጥም። ርካሹ ባለ ክብ ሰዓት ታይመር ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ያበራል። ታይመር ከተገዛ ባትሪ ያለው ይሁን።

ፎቶሴል ሰዓት አይቆጥርም፤ ሲመሽ ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል። ጠንቁ አቧራና አቀማመጥ ነው፦ አቧራ ከሸፈነው በቀን ያበራል፣ ራሱ በሚያበራው መብራት ፊት ከተሰቀለ ደግሞ ብልጭ ድርግም ሲል ያድራል። ለዘበኛ መብራት ፎቶሴል ብቻውን ይበቃል። ለማስታወቂያ ሰሌዳ ግን ታይመር አብሮት ይግባ፤ ሰው በሌለበት እስኪነጋ መብራቱ ከንቱ ነው።

ስልክ ለሚወዱ

የዋይፋይ ስዊች ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ቢሮ ደህና ነው። ለሙሉ ሕንፃ አልመክርም፦ ብዙዎቹ በኢንተርኔት በኩል ስለሚታዘዙ ኔትወርክ ሲቋረጥ ከስልኩ ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ዚግቢ የተባለው ሌላ የገመድ አልባ መገናኛ የራሱን ማዕከላዊ ሳጥን ቢፈልግም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዓይነት ይገኝለታል። በሁለቱም፣ በተለይ በስማርት አምፖል፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ በርቶ እንዳያድር «ኃይል ሲመለስ ጠፍቶ ይቆይ» የሚል ምርጫ እንዳለው ሳታዩ አትክፈሉ።

ዳሊ

ዳሊ የሚባለው በሽቦ የሚሠራ የመብራት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ለስብሰባ አዳራሽና ለሰፊ ቢሮ ነው። በሁለት የመቆጣጠሪያ ሽቦ እስከ 64 መሣሪያ ለየብቻ ያዛል፤ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን እያየ መስኮት ዳር ያሉትን ያደበዝዛል። ሆኖም ሽቦው ኮርኒስ ሳይዘጋ መዘርጋት አለበት፤ አድራሻውን በሶፍትዌር የሚያስተካክል ባለሙያም ይፈልጋል። ባለሙያው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ለውጥ መጥሪያውንም ከዋጋው ጋር ደምሩ።

ሕንፃው ገና ካልተለሰነ ዛሬ የሚደረግ አንድ ሥራ አለ። የተለመደው አዘረጋግ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚያወርደው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰውን ብቻ ነው፤ ብዙ ስማርት ስዊች ግን ኑትራል (ኃይሉ ከአምፖሉ የሚመለስበትን ሽቦ) ይፈልጋል። ያለ ኑትራል ይሠራሉ የሚባሉት አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ ላይ ሲገጠሙ ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ እንዲበራ ወይም እንዲርገበገብ ያደርጉታል። ኤሌክትሪሺያኑ በየስዊቹ ሳጥን ኑትራል ያውርድ፤ ከልስን በኋላ ግድግዳ ማስፈልፈል ከሽቦው ዋጋ እጅግ ይበልጣል።