ለጡረታ ፍሎሪዳ ጎልፍ ሜዳ ዳር ወይስ ባሕር ዳር ግቢ ቤት?

አሜሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰርተው ጡረታ የደረሰባቸው ዘመዶቻችን አሁን አሁን ሁለት ነገር ያማርጣሉ፣ ወይ ፍሎሪዳ ወርደው በሩ ላይ ጥበቃ ያለው ጎልፍ ሜዳ ዳር ቤት መግዛት ወይ ደግሞ ባሕር ዳር መጥተው ጣና አጠገብ ግቢ ያለው ቤት መግዛት። ሙቀቱም ውሃውም ሁለቱም ጋ አለ። እኔ ባሕር ዳር ነዋሪ ነኝና ወደ ከተማዬ ማድላቴ አይቀርም፣ ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከህክምና እንጀምር፣ ብዙ ሰው ቤት ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሚያስበው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግስት ለአዛውንቶች ሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ በ65 ይጀምራል፣ ከአሜሪካ ውጪ ለሚደረግ ህክምና ግን በጥቅሉ አይከፍልም፣ ስለዚህ እዚህ ስትታመሙ ሁሉም ከኪስ ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው፣ የግሉም አለ፣ ለስኳርና ለግፊት ክትትል እዚሁ ትታያላችሁ፣ ከበድ ያለ የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን አዲስ አበባ መመላለሱ አይቀርም። ደግሞ እዚህ ከመጣሁ ምን ያደርግልኛል ብላችሁ ፓርት ቢን፣ ማለትም ለሐኪምና ለተመላላሽ ህክምና ሚከፍለውን የሜዲኬር ክፍል፣ ካቋረጣችሁ፣ በኋላ ልመለስ ስትሉ ለእያንዳንዱ ላቋረጣችሁበት ሙሉ አመት 10 ፐርሰንት ቅጣት ወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ ይጨመራል፣ እሱም አንዴ ከመጣ አይነሳም። የአሜሪካ መንግስት የጡረታ ክፍያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ግን ዜጋ ከሆናችሁ እዚህም ይከፈላችኋል።

ፍሎሪዳ ጥሩ ጎን አለው፣ መካድ አይቻልም። ስቴቱ የገቢ ግብር የለውም፣ ቤቱ ዋና መኖሪያችሁ ከሆነ ደግሞ ለንብረት ግብር ሚገመተው ዋጋ በአመት ከ3 ፐርሰንት በላይ አያድግም። ሰፈሩ ፀጥ ያለ ነው፣ እኩዮቻችሁ አሉ፣ መንገዱ ለእግርም ለጎልፍ ካርትም ይመቻል። ችግሩ ክፍያው ነው። የቤቱን እዳ ብትጨርሱም ኤችኦኤ ሚባለው የሰፈሩ ማህበር መዋጮ እድሜ ልክ ነው፣ ካልተከፈለ ቤታችሁን እስከማስሸጥ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ሰፈር የክለብ አባልነቱ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ስለሚሸጥ ጎልፍ ተጫወታችሁም አልተጫወታችሁም ትከፍላላችሁ። የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ከቤት ኢንሹራንሱ ለብቻ ነው ሚገዛው። ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶ ካማራችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፣ እ.ኤ.አ. 2021 ሰርፍሳይድ የምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ላይ ፎቅ ተደርምሶ 98 ሰው ከሞተ ወዲህ ህጉ ጠብቋል፣ አሮጌ ህንፃ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለጥገና ድንገት ብዙ ሺህ ዶላር አምጡ ይባላሉ።

ወደኛ እንምጣ። እዚህ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ምትገዙት ቤቱንና በይዞታው የመጠቀም መብቱን ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ብትይዙም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ ምንለው፣ ካላችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ደላላው ካርታ ሲያሳያችሁ ፎቶኮፒውን አይታችሁ ቀብድ እንዳትሰጡ፣ ይዞታው ሊዝ ይሁን ነባር፣ ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ፣ የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ይኑርበት አይኑርበት ራሳችሁ ወይ የምታምኑት ጠበቃ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያረጋግጥ። ከዛ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ፣ ካሬው ካርታው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በምን ይሰራል ብላችሁ ጠይቁ፣ መብራትም ውሃም ይጠፋልና።

ሀይቁ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ፎቶው ያምራል፣ እኔ ግን ገባ ብላችሁ ግዙ ነው ምለው። ክረምት ሲወጣ የጣና ውሃ ይሞላል፣ ትንኙም ይበዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወባ አለ፣ ውጪ ብዙ አመት የኖረ ሰው ደግሞ ልጅነቱን እዚህ ቢያሳልፍም የመቋቋም አቅሙን ያጣል፣ አጎበር ግድ ነው። ጎልፍ አትጠብቁ፣ በማለዳ ሀይቁ ዳር በእግር መሄድ፣ ደንገል ታንኳ ይዘው ከሚመለሱት አሳ መግዛት፣ ቆሮሶውን እዛው አስጠርጎ ቤት መውሰድ አለ።

የፀጥታውን ነገር ደብቄ ብነግራችሁ ወንድምነት አይሆንም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሚዘጋበት ኢንተርኔትም ሚቋረጥበት ጊዜ አለ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ባብዛኛው በአውሮፕላን ነው ሚመላለሰው። ይሄ ያስጨንቀኛል የሚል ሰው አሁን አይግዛ፣ ቤቱ የትም አይሄድም።

ለኔ ግን ዋናው ጥያቄ መኪና መንዳት ሲያቅታችሁ፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ስትቀሩ ማን አለ ነው። ፍሎሪዳ ላይ ያለ መኪና ሱቅ መድረስ ከባድ ነው፣ ልጆች በአቅራቢያ ከሌሉ ቀኑ ይረዝማል። እዚህ ባጃጅ በር ላይ ነው፣ ሰራተኛ መቅጠር በጡረታችሁ ይቻላል፣ እድር ትገባላችሁ፣ ሁለት ቀን ካልታያችሁ ጎረቤት ምን ሆነው ነው ብሎ ያንኳኳል። ስለዚህ የልብ ወይ የኩላሊት ከባድ ክትትል ያለበት፣ የልጅ ልጆቹም እዛ ያሉ ሰው እዛው ይቅር። ጤናው ደህና የሆነና እዚህ እህት ወይ ወንድም ያለው ሰው ግን ባሕር ዳር ይምጣ እላለሁ።

ከመግዛት በፊት ከሰኔ እስከ መስከረም ተከራይታችሁ ኑሩ፣ ወባውንም ጭቃውንም መብራቱንም ያኔ ታዩታላችሁ። ፍሎሪዳንም በጥር አይታችሁ አትወስኑ፣ በነሐሴ ሙቀት ሂዱና እዩት፣ የማህበሩንም የመጠባበቂያ ሂሳብ ከመፈረማችሁ በፊት አስወጥታችሁ አንብቡ።